ሐሻብና ጣልሕ በገዳሪፍ

ገዳሪፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ሱቅ አቡ ሲን» የምትባል የገበያ ስፍራ ነበረች። ከመተማ ማዶ ወደ እርስዋ የሚወርድ እንግዳ ዛፉ ሁሉ ግራር ብቻ ይመስለዋል፤ የሙጫ ነጋዴ ግን ሐሻብን ከጣልሕ ካልለየ ይከስራል፤ የሐሻብ ሙጫ በዋጋ ይበልጣልና።

ቅጠል እዚህ ብዙ አይረዳም። የሁለቱም ደቃቅና ላባ መሰል ነው፤ ደግሞም ሐሻብን በምሳር አቍስለው ሙጫ የሚያስፈስሱት ዝናቡ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። ስለዚህ እሾሁን ማየት ይሻላል። የሐሻብ እሾህ አጭርና ቆልማማ ሆኖ ሦስት ሦስት እየሆነ ይበቅላል፤ የመካከለኛው ወደ ታች ይቀለበሳል። የጣልሕ ግን ረጅም፥ ቀጥ ያለ፥ ነጭና ጥንድ ነው፤ ቅርፊቱንም በእጅ ቢያሹት ዱቄት ይለቅቃል። የፍሬው ልባስ በሐሻብ ሰፊና እንደ ወረቀት ስስ፥ በጣልሕ ቀጭንና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። የጣልሕ ሙጫ ቢናቅም እንጨቱ አይናቅም፤ የሱዳን ሴቶች ገላቸውን የሚታጠኑት በእርሱ ጢስ ነው።

የዕፀዋት ሊቁ ጌኦርግ ሽቫይንፉርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 በገላባት ዕፀዋት በሰበሰበ ጊዜ የዚህ አገር ሜዳ አብዛኛው ገና ዱር ነበረ። በ1944 እና በ1945 ግን እንግሊዞች ለወታደር ቀለብ ማሽላ በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሲሄድ፥ ጥቁር አፈር የሚወደው ጣልሕ እየተመነጠረ ለከሰል ዋለ።