የናይሮቢ ግድብና ትንሿ የራዲዮ ጀልባ

ስለ መርከብ ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ውቅያኖስ የተሻገሩትን ታላላቅ መርከቦች ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የምናወሳው ርዝመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ሰው ሳይሳፈርባት ከዳር ሆኖ በራዲዮ ስለሚነዳት ትንሽ ጀልባ ነው። ታሪኳን ከኒው ዮርክ ጀምረን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እናመጣዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ኸርዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1898፣ ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተከፈተው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ጀልባ በገንዳ ውሃ ላይ አሳየ። ሽቦ ሳይዘረጋ፣ እጁም ሳይነካት ሞተሯን አስነሣ፤ መሪዋን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረ፤ መብራቷን አበራ፣ አጠፋ። ተመልካቹ እጅግ ተደነቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቴስላ በቁጥር 613,809 የተመዘገበ የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ ከሩቅ የሚነዳው መሣሪያ ሁሉ፣ በሰማይ የሚበረውም ሳይቀር፣ የዚያች ጀልባ ዘር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የቴስላ ሐሳብ በትርፍ ጊዜያቸው ጀልባ ከሚሠሩ ሰዎች እጅ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ በ1904 የተቋቋመው የሞዴል የእንፋሎት ጀልባ ክበብ አባላት ያለ ራዲዮ ይጫወቱ ነበር። ያን ጊዜ መሪው አስቀድሞ ይስተካከልና ጀልባዋ ትለቀቃለች፤ ባልንጀራ ደግሞ በማዶ ቆሞ ይቀበላታል። ራዲዮው በብርጭቆ ቫልቭ ይሠራ በነበረበት ዘመን ባትሪው ከባድ ስለነበረ ትንሽ ጀልባ ልትሸከመው አትችልም ነበር። ነገሩን ያቀለለው በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ በእጅ የሚያዝ አስተላላፊና በጀልባዋ ሆድ የሚቀመጥ ትንሽ ተቀባይ በየሱቁ ይሸጥ ጀመር።

አሠራሩ ለተማሪ የሚከብድ አይደለም። አስተላላፊው ሞገድ ይልካል፤ ተቀባዩ ሞገዱን ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል፤ ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር መሪውን ያዞራል፤ ሌላው ሞተር ውልብልቢቱን ያሽከረክራል። የራዲዮ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይደክማል፤ የሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ መጠንም ድካሙ ይብሳል። ስለዚህ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የዛሬ መሣሪያ ከውሃ በላይ ለምትሄደው ጀልባ ሲስማማ፣ ለጠላቂ ሞዴል ግን አይበጅም።

የሒሳብ መምህራንም ከዚህ ጥሩ ምሳሌ ያገኛሉ። ርዝመቷ 30 ሜትር፣ ክብደቷ 125 ቶን የሆነች መርከብ በ1 ለ25 መጠን ብትሠራ የሞዴሏ ርዝመት 1 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክብደቷ ግን በ25 ብቻ አይካፈልም፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ሦስቱም ስለሚያንሱ በ15,625 ይካፈላልና 8 ኪሎ ብቻ ይሆናል። በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት 8 ሊትር ውሃ ገፍታ ትንሳፈፋለች ማለት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ1870ዎቹ በገንዳ ውስጥ ሞዴሎችን እየጎተተ እንዳሳየው፣ ፍጥነት የሚያንሰው በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ ትልቋ መርከብ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞዴሏ 4 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በኋላዋ የምታስነሣው ማዕበል የትልቋን ይመስላል።

አሁን ወደ ኬንያ እንሻገር። በአገሩ ውስጥ ቁርጥራጭ ገጣጥሞ ጀልባ መሥራት የቆየ ታሪክ አለው። ዊሊያም ማኪኖን የተባለችው መርከብ በብሪታንያ ተሠርታ፣ ተፈታታና በየሳጥኑ ተከታ ወደ ሞምባሳ ተላከች። ክፍሎቿ በባቡርና በሰው ሸክም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተጓጉዘው፣ ዛሬ ኪሱሙ በሚባለው ወደብ ተገጣጠሙ፤ በ1900ም ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈች። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2018፣ በላሙ ደሴት አናጢዎች ከተጣለ ፕላስቲክ 9 ሜትር የሚረዝም የሸራ ጀልባ ሠርተው ፍሊፕፍሎፒ ብለው ሰየሙት። በ2019 ከላሙ እስከ ዛንዚባር ተጉዟል። ጀልባ ለመሥራት ብልሃትና ትዕግሥት እንጂ የግድ ውድ ዕቃ እንደማያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

ናይሮቢ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው፤ በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረችው ከተማ እያደገች ስትሄድ ውሃ አጠራት። ስለዚህ በ1953 ለመጠጥ ውሃ መጠባበቂያ እንዲሆን የናይሮቢ ግድብ ተሠራ። ወደ 35 ሄክታር የሚሰፋው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ጸጥ ያለ ስለነበረ ሰዎች ዓሣ ያጠምዱበት፣ ይዝናኑበትም ነበር። የሸራ ጀልባ ክበብም በዳርቻው ተቋቁሞ ነበር። ትንሽ ጀልባ ለሚያስነዳም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ውሃ ከተማ መሐል አይገኝም።

ዛሬ ያ ውሃ የለም ለማለት ይቻላል። ግድቡን የሚሞላው ወንዝ የሚመጣው በኪቤራ በኩል ነው። በዚያ ሰፈር ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ የፍሳሽ መውረጃና የቆሻሻ ማንሻ በሚገባ አልተዘረጋለትም። ቆሻሻውና ደለሉ ወደ ግድቡ ወረደ፤ እምቦጭ በቀለበት፤ የውሃው ፊት እንደ መስክ አረንጓዴ ሆነ። በእርግጥ እምቦጭ የውልብልቢት ጠላት ነው፤ ሥሩ ከተጠመጠመበት ትንሹ ሞተር ቆሞ ይቀራል። ዋናው ጉዳት ግን የጨዋታው መቅረት አይደለም። ለከተማ መጠባበቂያ የተገደበ ውሃ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የማይጠጣ መሆኑ ነው። ጥፋቱንም በኪቤራ ነዋሪ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ያለ መውረጃ የኖረ ሰው ቆሻሻውን የት ያድርሰው?

ይህን የጻፍነው በጎረቤት ጉዳት ለመሳለቅ አይደለም። በእኛም አገር በጣና ሐይቅ ላይ ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ገብቷል። ጣና ደግሞ ከደንገል ታንኳ ሲሠራበት የኖረ ውሃ ነው። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከረባት ራ የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር።

ስለዚህ ለሳይንስ ክበባት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪዎች ከወዳደቀ ፕላስቲክና ጣውላ አንዲት ጀልባ ይሥሩ፤ ራዲዮ ካልተገኘ እንደ ቀድሞዎቹ መሪዋን አስተካክለው ይልቀቋት። ከመልቀቃቸው በፊት ግን ውሃውን ይመርምሩ፦ ጥልቀቱን በገመድ ይለኩ፣ ጥራቱን ይዩ፣ ከየት እንደሚመጣና በመንገዱ ምን እንደሚጣልበት ይጠይቁ። ውጤቱን በመዝገብ ጽፈው በየዓመቱ ቢያነጻጽሩት፣ ደለሉና አረሙ ሐይቁን ከመሙላታቸው በፊት የሚናገር ምስክር በትምህርት ቤቱ ይኖራል። ለናይሮቢ ግድብ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ በጊዜው በጠቀመው ነበር።