የጋፋት መድፍና «ሞርታር» የሚባለው ቃል

ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው በጋፋት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1867 የተሠራውን የዐፄ ቴዎድሮስን ትልቅ መድፍ፥ ሴባስቶፖልን፥ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች «ሞርታር» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ግን ይኸው ቃል ሙቀጫ ማለት ሆኖ እናገኘዋለን፤ ደግሞም ግንበኛ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዝበት የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ማለት ነው። ሦስት ነገር በአንድ ስም መጠራቱ ምንጩን እንድንመረምር አደረገን።

ቃሉ ከላቲኑ «ሞርታርዩም» ተነሥቶ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ላቲን የጀመረ ተማሪ «ሞርስ»፥ ማለት ሞት፥ ከሚለው ቃል ጋር ቢያያይዘው አይፈረድበትም፤ መግደያ መሣሪያ ነውና ለጆሮ ይጥማል። ዳሩ ግን ሮማውያን ባሩድን አያውቁም ነበር። ሞርታርዩም ለእነርሱ መውቀጫ ዕቃ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዩስ፥ የግሪክ ለሳኞች ኖራና አሸዋ በሞርታርዩም አድርገው ብዙ ሰው በእንጨት ዘነዘና ያስወቅጡ እንደ ነበር ጽፏል። የዕቃው ስም ለሚወቀጠው ነገር የተላለፈው እንዲህ ባለው ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ አልሆነም፤ የፋሲል ግንብ ኖራ ኖራ ተብሎ ቀርቷል።

ባሩድ አውሮፓ ከገባ በኋላ፥ አጭርና አፈ ሰፊ፥ ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ ከቅጥር ማዶ የሚጥል መሣሪያ ተሠራ። መልኩ ሙቀጫ ስለ መሰለ ስሙን ወረሰ።

በጋፋት የሠሩት እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር፥ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ይህን መሣሪያ ጀርመኖች «ሜርዘር» ይሉታል፤ እርሱም ከዚያው ከሞርታርዩም የወጣ ሲሆን ዛሬም ሙቀጫ ማለት ነው።

የእኛው «መድፍ» ከዐረብኛው «ሚድፋዕ» የተወረሰ ሲሆን፥ የዚያም ሥር መግፋት ማለት ነው። ቃሉ ግን አጭሩንም ረጅሙንም፥ ቀጥ ብሎ የሚተኵሰውንም አጉኖ የሚጥለውንም አንድ አድርጎ ይጠራል። ተርጓሚዎቻችን ሁሉን «መድፍ» ብለው ሲያልፉ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ያዘዙት ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሆነ ከአንባቢው ይሰወራል። እኛ ብንጠየቅ «አፈ ሰፊ መድፍ» ቢባል እንመርጣለን።

ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጕልበት ተጐትቶ፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። አሁንም ያለው በዚያው ነው፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።