የግዕዝ ፊደል በኤችቲቲፒ ጎዳና፦ የአንድ ስሕተት ታሪክ



ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ ይህን ችግር ታውቁታላችሁ። በኤችቲቲፒ ላይብረሪ አማካይነት ከሩቅ ሰርቨር መረጃ ትጠይቃላችሁ፤ ሰርቨሩም 200 ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን «ጎንደር» ተብሎ የተላከው ስም የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ብዙዎች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ኔትወርኩን ነው። እኔ ግን የስሕተቱ ሥር ያለው በታሪክ ውስጥ ነው እላለሁ።

ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1997 ነው። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የኤችቲቲፒ 1.1 የመጀመሪያ ደንብ፣ አርኤፍሲ 2068፣ ወጣ። ላኪው የጽሑፉን የፊደል ኮድ ካልገለጸ፣ ተቀባዩ አይሶ-8859-1 ነው ብሎ እንዲወስድ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ይህ ኮድ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀ በመሆኑ አንድም የግዕዝ ፊደል የለበትም። በጁን 1999 የወጣው አርኤፍሲ 2616 ይህንኑ አጸና። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የገባው ከዚያ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1999 ነው። እስከዚያ ድረስ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ያኖሩት ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7231 ያን የቆየ ድንጋጌ ሰረዘው። ልማዱ ግን በላይብረሪዎች ውስጥ ቀረ። በፓይተን ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀው ሪኩዌስትስ፣ የምላሹ ራስጌ «ጽሑፍ» ብሎ ኮዱን ሳይጠቅስ ሲቀር፣ ዛሬም አይሶ-8859-1ን ይገምታል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይሁን? በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ጎንደር» 4 ፊደል፣ 12 ባይት ነው። የደረሰው ቃል ርዝመት በፕሮግራም ሲቆጠር 12 ከሆነ፣ ባይቶቹ ደኅና ናቸው፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት የምላሹን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ወስኑ። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የፎንት ነው። 4 የጥያቄ ምልክቶች ከሆኑ፣ አንድ ፕሮግራም ፊደሉን ወደማያውቀው ኮድ ለውጦታል፤ ከዚያ ቅጂ ዋናውን መመለስ አይቻልም።

በመላክም በኩል እንዲሁ ነው። የመልእክቱ ርዝመት በራስጌው የሚገለጸው በባይት ነው። በፊደል ቆጥሮ 4 ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ሰርቨሩ «ጎ»ን ከነሙሉ አካሉ፣ «ን»ን ግን በሢሶው ብቻ እንዲያነብ ያደርገዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በተደረገ ሙከራ ይህ ስሕተት አይገለጥም፤ በዚያ ፊደልና ባይት እኩል ናቸውና።

የጎንደር ሊቃውንት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ ይተረጉሙታል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት በትርጓሜ ቢለያዩም ንባቡን ይጠብቃሉ። የኮምፒውተር ባይት ግን የሚተረጎመው ላኪው ባሰበው በአንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱንም የሚነግረን ራስጌው ነው። ላኪ ሆናችሁ ስትሠሩ ራስጌውን ሳትጽፉ አትላኩ።

ተማሪዎቼን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ማስቀመጥ ነው። የታካሚ ወይም የተማሪ ስም በጥያቄ ምልክት ተለውጦ በመረጃ ቋት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ሰውየው ከመዝገቡ ይጠፋል። ስለዚህ የመጣውን ባይት እንዳለ አስቀምጡ፤ ፕሮግራማችሁንም ሁልጊዜ በራሳችን ፊደል ፈትኑ። ደንቡ ሲጻፍ ፊደላችን አልታሰበም፤ ዛሬ ኮዱን የምንጽፈው ግን እኛ ነን።