መብረቅ የፈለገው መሐንዲስ

እስቲ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በኦስሎ ሰሜን ምሥራቅ፣ ስቶቭነር በምትባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ ጠመዝማዛ መወጣጫ ያለው ማማ አለ። በአንድ ውርጫማ እሑድ፣ በረዶው ከጫማችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ሱቁ ከሰመረለት ወጣት ወዳጄ ጋር ቀስ እያልን ስንወጣ፣ ትርፉን በየትኛው አዲስ ሥራ ላይ ቢያውለው እንደሚሻል ጠየቀኝ፤ እኔም የአንድ አንጋፋ ኩባንያ ታሪክ አወጋሁት።

ነገሩ የሚጀምረው በ1903 ነው። ሳም ኤይደ የተባለ መሐንዲስ የፏፏቴ መብት በእጁ ነበረ፤ እናም አንድ ማታ በእራት ግብዣ ላይ ከፊዚክስ ሊቁ ከክርስቲያን ቢርከላን ጋር ተገናኘና በምድር ላይ ያለውን ታላቅ መብረቅ እንደሚፈልግ ነገረው፤ ቢርከላንም እሱን እኔ አገኝልሃለሁ አለው፤ ከዚያም ሁለቱ ተባብረው፣ አየሩን በኤሌክትሪክ ነበልባል ውስጥ እያሳለፉ፣ ናይትሮጅኑን ማዳበሪያ አደረጉት። ገንዘቡስ? ቫለንበርግ የተባሉት የስዊድን ባለባንኮችና የፈረንሳይ ባንክ አወጡትና በታኅሣሥ 1905 ኖርስክ ሃይድሮ ተመሠረተ፤ ኖርዌይ ከስዊድን በተለያየችበት በዚያው ዓመት!

ከዚያም ጀርመኖች ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ፤ ሃይድሮም በ1920ዎቹ መጨረሻ የተወለደበትን መብረቅ ትቶ የእነሱን ዘዴ ያዘ። ከውሳኔዎቹ ሁሉ አስበልጬ የማከብረው ይህንን ነው፤ በገዛ ፈጠራው ፍቅር ተይዞ የከሰረ ስንት ነጋዴ አይተናል!

በ1960ዎቹ ደግሞ እጁን በየአቅጣጫው ዘረጋ። ከፈረንሳይ ኩባንያዎች ጋር ተጣምሮ በሰሜን ባሕር ነዳጅ ፍለጋ ገባ፤ በ1967 በካርሞይ አሉሚኒየም ማምረት ጀመረ፤ በ1969 ሳልሞን ከሚያረባው ከሞዊ ድርሻ ገዛ። አሉሚኒየሙን ልብ በሉልኝ፤ ኤሌክትሪክ በሊታ ነው፤ ፏፏቴን ኃይል ማድረግ ደግሞ ሃይድሮ ያደገበት ሙያ ነው። ነዳጁን ብቻውን አልደፈረውም፤ ኪሳራ ቢመጣ ከሌሎች ጋር ሊካፈል ገባ። ዓሣው ግን ከቤቱ ዕውቀት የራቀ ነበር፤ ለዓመታት ይዞት ቆየና በ2000 ሸጠው።

«ጋሼ፣ ታዲያ የትኛው ቀረ?» አለኝ ወዳጄ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ።

ማዳበሪያው በ2004 ያራ ተብሎ ራሱን ቻለ፤ እኛው አገር ድረስ መጥቶ በአፋር፣ ዳሎል ላይ ፖታሽ የፈለገው እሱ ነው። ነዳጁ በ2007 ከስታቶይል ጋር ተቀላቀለ። ሃይድሮ ዛሬ የሚኖረው በአሉሚኒየም ነው።