የቲማቲሙ ድጋፍ

ክረምት ላይ ቡታጅራ ስሄድ አያቴ ጓሮ አንድ ሥራ ይጠብቀኛል፤ ፍሬ ከብዶት ላዘመመው ቲማቲም እንጨት መትከል። ዘንድሮም ቀጭን ባሕር ዛፍ ቆርጬ፣ ጫፉን አሹዬ መጣሁ። የተረፈውን ችግኝ እንሰቱ አጠገብ ልተክል ስል ግን አያቴ ጮኸችብኝ።

«እንጨቱን ውሰድ፣ ዛፉን አርቅልኝ!»

ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የመቶ ምናምን ዓመት ታሪክ አለባት።

ባሕር ዛፍ መጤነቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ ነው የመጣው። እኛ አገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። በ1879 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዙሪያዋን የነበረውን ዛፍ በቶሎ ጨርሳ፣ ማገዶም የቤት መሥሪያም ቸግሯት ነበር። አዲሱ ዛፍ ደግሞ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዋ በእሱ ቆመች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዛፉ ጉራጌም ዘለቀ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩ፣ የገጠሩ ምርት ወደ ከተማ የሚወጣበት በር ሰፋ። አጣናም ከተጫነው አንዱ ነው። ዛሬ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ስትወጡ ከመንገዱ ዳር የምታዩት ባሕር ዛፍ ለብዙ ቤተሰብ እንደ ባንክ ነው፤ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይቆረጣል።

ችግሩ ውኃው ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ሥሩን ዘርግቶ የጎረቤቱን እርጥበት ይጠጣል። ጎረቤቱ ደግሞ እንሰት ነው፤ ለዓመታት እየተዛወረ ተተክሎ፣ ፍግ በልቶ የሚደርስ፣ ቆጮ የሚሆን። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ላይ ሕዝቡን ከእንሰት ባህል ጋር ያያያዘው በከንቱ አይደለም። አጣና ቤት ያቆማል እንጂ አይበላም።

ችግኙን ወስጄ ከጓሮው ርቆ ካለው ዳገት ላይ ተከልኩት። ስመለስ አያቴ ቲማቲሙን በቃጫ እያሰረች ነበር።

«ላላ አርገህ እሰር» አለችኝ፣ «ነገ ግንዱ ይወፍራል፤ ያንቀዋል።»

ቲማቲሙ የደቡብ አሜሪካ፣ እንጨቱ የአውስትራሊያ። ሁለቱን ያስተሳሰረው ቃጫ ግን ከእንሰቱ የወጣ፣ የእኛው ነው።