የሞተር ሳይክል የፊት መብራት

የሞተር ሳይክል የፊት መብራት አሽከርካሪው በጨለማ መንገዱን እንዲያይ፣ ሌላውም የመንገዱ ተጠቃሚ አሽከርካሪውን እንዲያይ የሚያገለግል፣ በመሪው ፊት የሚገጠም የብርሃን ምንጭ ነው። ከመኪና መብራት የሚለየው በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ብቻውን በመሆኑ ነው። የመኪና አንዱ መብራት ቢቃጠል ሌላው ይቀራል፤ የሞተሩ ሲቃጠል ግን የሚቀር የለም። ሞተሩ ጥምዝ ላይ ሲያጋድል መብራቱም አብሮት ያጋድላል፣ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን ደግሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

በኢትዮጵያ የዚህ መብራት አቅም ጎልቶ ከሚፈተንባቸው አካባቢዎች መካከል ነገሌ ቦረና፣ ፊልቱ፣ ዶሎ ኦዶ፣ ያቤሎና ሞያሌን የመሳሰሉ የደቡብ ቆላ ከተሞች ይገኙበታል። ከተሞቹ እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው፤ ከከተማ ሲወጣም የመንገድ መብራት የለም። ሞተር ሳይክል በአካባቢው ሰውና ሸቀጥ ያጓጉዛል፣ መኪና በማይገኝበት ሰዓት ደግሞ ምጥ የያዛትን ሴት ወይም የታመመን ሰው ወደ ጤና ተቋም ያደርሳል። ስለዚህ «ሌሊት አለመንዳት ነው» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም።

የቆላው ሌሊት

ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ጨለማ ይሆናል። ይህ ሰዓት ከብት ከግጦሽና ከውኃ የሚመለስበት፣ ነጋዴውም ከገበያ ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት ነው።

መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ እንስሳት ሁሉ በመብራት እኩል አይታዩም። የከብት፣ የፍየልና የበግ ዓይን ከኋላው ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው እንስሳው ፊቱን ወደ መብራቱ ካዞረ ከሩቅ ያበራል። ግመል ይህ ሽፋን የለውም። ከዚህም በላይ ቁመቱ ራሱ ችግር ነው። አጭር መብራት ከሚመጣው ሰው ዓይን በታች እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከግመሉ የሚያበራው እግሩን ብቻ ነው፤ አፈር የሚመስል ቀለም ያለው ቀጭን እግር ደግሞ ከቁጥቋጦው ግንድ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ዋናው የሰውነቱ ክብደት ያለው በአሽከርካሪው ጭንቅላት ቁመት ላይ በመሆኑ ግጭቱ ከከብት ጋር ከሚደርሰው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑ የሚደርስበት ርቀት ከማቆሚያ ርቀት ጋር መነጻጸር አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሴኮንድ ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል። ከዚያ በኋላ ለመቆም በደረቅ አስፋልት ወደ 28 ሜትር፣ በጠጠር መንገድ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በድምሩ ጠጠር ላይ 65 ሜትር መሆኑ ነው። የደከመ አጭር መብራት ጥቁር ነገርን ከ40 ሜትር በላይ አጥርቶ ላያሳይ ስለሚችል አሽከርካሪው ከሚያየው በላይ እየነዳ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 40 ቢቀንስ በዚያው ጠጠር ላይ ድምሩ 34 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ምንም ዕቃ ሳይገዛ ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ማሻሻያም ይኸው ነው።

የአምፖል ዓይነቶች

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሞተር ሳይክሎች በካርባይድና ውኃ ውህደት የሚገኘውን አሴቲሊን ጋዝ እያነደዱ ያበሩ ነበር። ቀጥሎ ተራ የሽቦ አምፖል መጣ። ለተሽከርካሪ የተሠራ ሃሎጅን አምፖል እ.ኤ.አ. በ1962 በአውሮፓ ሥራ ላይ ዋለ፤ ረጅምና አጭር መብራትን በአንድ አምፖል ያጣመረው ኤች 4 ደግሞ በ1971 ተከተለ።

በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የተለመደው የ12 ቮልት 35/35 ዋት አምፖል ነው። ከነዚህ አንዱ ኤችኤስ 1 ሲሆን በረጅም መብራት 825፣ በአጭር 525 ሉመን ያህል ይሰጣል። ኤች 4 በ60/55 ዋት 1650 እና 1000 ሉመን ይሰጣል። ልዩነቱ እጥፍ ያህል በመሆኑ ኤች 4 ማስገባት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የተጨመረው 25 ዋት ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የአነስተኛ ሞተር ዲናሞ ትርፍ ኃይል ጥቂት ስለሆነ ባትሪው ቀስ በቀስ ይዳከማል፤ ሙቀቱም የፕላስቲክ አንጸባራቂውን ሊያቀልጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያውንም ሊያቃጥል ይችላል።

ኤልኢዲ ከዚህ ችግር ያድናል፣ ምክንያቱም በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ነጭ ኤልኢዲን ያስቻለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ለፈልሳፊዎቹ ለኢሳሙ አካሳኪ፣ ለሂሮሺ አማኖና ለሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ሆኖም ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መሰካት ሌላ ነገር ነው። አንጸባራቂው የተሠራው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ሽቦ፣ ከአንድ ቦታ እንደሚነሳ ታስቦ ነው። የኤልኢዲው ቺፖች ከዚያች ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢርቁ ብርሃኑ ይበተናል። ለባለቤቱ ከፊቱ ያለው አፈር ቦግ ብሎ ስለሚታየው የተሻሻለ ይመስለዋል፤ ሩቁ ግን አልተጨመረም፣ ከፊት የሚመጣው አሽከርካሪም ታውሯል። የቅርቡ አፈር ከመጠን በላይ ሲደምቅ የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ሩቁን ማየት እንዲያውም ይከብዳል። አንጸባራቂው ጭምር ለኤልኢዲ የተሠራ ሙሉ መብራት የተሻለ ነው።

መብራት የሚደክምበት ምክንያት

አምፖል ከመቀየር በፊት ያለው አምፖል የሚገባውን ኤሌክትሪክ እያገኘ መሆኑን ማጣራት ይቀድማል። የሽቦ አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። የዛገ ማያያዣ፣ ቀጭን ሽቦ ወይም ያረጀ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያህል ቮልቴጅ በቀላሉ ይበላል። በመልቲሜትር የባትሪውንና የአምፖሉን ቮልቴጅ እያበሩ ለክቶ ማነጻጸር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ ከሽቦው ነው። መፍትሔው ማያያዣዎቹን ማጽዳት፣ ወይም ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፈር ያለ ሽቦ ስቦ በሪሌ ማብራት ነው።

ይህ ግን የሚሠራው መብራቱ ከባትሪ በሚመገብ ሞተር ላይ ነው። በብዙ ርካሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ባትሪውን ሳይነካ በቀጥታ ከዲናሞው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያገኛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ አይበራም፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይደምቃል፣ ሲቀነስ ይፈዛል። ጉድጓድ ለማለፍ ሲቀዘቀዝ፣ ማለትም ብርሃን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ይደክማል። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ተራ ሪሌ አይሠራም፤ ኤልኢዲም ይርገበገባል ወይም ቶሎ ይቃጠላል። ወደ ባትሪ ለማዞር ሬክቲፋየሩንና የዲናሞውን ሽቦ አያያዝ መቀየር ስለሚጠይቅ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ መተው ይሻላል።

ቀሪው የጽዳት ጉዳይ ነው። ቀይ አፈር ባለበት አካባቢ መስታወቱ በአንድ ቀን ጉዞ በአቧራ ይሸፈናል። በደረቅ ጨርቅ ማሸት ፕላስቲኩን ስለሚጭረው በውኃ ማለስለስ ይቀድማል። የአንጸባራቂው ውስጥ ክፍል ግን ቅቡ ስስ ስለሆነ በጣት እንኳ አይነካም። የሃሎጅን አምፖል መስታወትም በባዶ እጅ አይያዝም፤ የጣት ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አቅጣጫ ማስተካከል

ሞተሩን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ደልዳላ ቦታ ላይ ማቆም፣ አሽከርካሪውንም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመብራቱ መሃል ከመሬት ያለው ቁመት ግድግዳው ላይ ይሰመርበታል፤ የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የኋላ ጭነት ሞተሩን በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብለው ጠርዙ በ10 ሜትር ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ ማለት ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ዘወትር ሰው የሚጭን ሞተር የሚስተካከለው ሰው ጭኖ ነው።

ተጨማሪ መብራት ወይም ፓውዛ የሚገጥሙም አሉ። ጥቅሙ ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ረጅም መብራቱን ማገዝ ነው፤ ከረጅሙ መብራት ጋር አብሮ እንዲጠፋ ካልተያያዘ ግን ለሌላው አደጋ ነው። በከባድ መኪና አቧራ ውስጥ ቢጫ ብርሃን ይሻላል የሚለው እምነት በሰፊው ቢነገርም የአቧራ ቅንጣት ሁሉንም ቀለም በተመሳሳይ መጠን ስለሚበትን ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሚረዳው ቦታው ነው፤ ከዓይን ርቆ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ መብራት ከአቧራው ተመልሶ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል።

መታየት

መብራት ቀንም ያገለግላል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ተካሂዶ በ2004 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ የታተመ ጥናት ቀን መብራት አብርተው የሚነዱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው በ27 ከመቶ፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት በ37 ከመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሕንድ ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮች መብራታቸው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚበራና የማይጠፋ እንዲሆን አስገድዳለች። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሞተሩን የሚለየው ግን በኋላ መብራቱና በአንጸባራቂው ስለሆነ፣ ከኋላ የታሰረ ጄሪካን ወይም ጆንያ ሁለቱን እንዳይሸፍናቸው አንጸባራቂ ፕላስተር በጭነቱ ላይ ይለጠፋል።