አዲስ ተከላ፦ «ፎርማት» የሚለው ቃል የደበቀው ሥራ

ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ጥገና ቤት ሄዶ የሚናገረው የታወቀ ነው፤ «ፎርማት አድርጉልኝ» ይላል። የፈለገው ግን ዲስኩ ባዶ እንዲሆንለት አይደለም። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ ፕሮግራሞቹ ተመልሰው፣ ፎቶዎቹም ሳይነኩ ማሽኑን መረከብ ነው የፈለገው። ቃሉ የሰየመው የሥራውን የመጀመሪያ ደቂቃ፣ ያውም የማጥፋቱን ክፍል ብቻ ነው፤ እርሻን «ምንጠራ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነገር። ለቤት ኮምፒውተር ይህ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ደንበኛውም ጠጋኙም ይግባባሉ። ደመወዝ የሚያሰላ፣ ኢሜይል የሚያስተላልፍ ወይም የሕሙማን መዝገብ የተሸከመ ሰርቨር ላይ ሲመጣ ግን ስሙ ሐሳቡን እየጎተተ ይወስደዋል። «ፎርማት እናድርገው» የተባለበት ስብሰባ ስለሚጠፋው ነገር ብቻ ይጨነቃል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚገነባው ነገር የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። በዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ ውሳኔው «አይ፣ ባለበት አፕግሬድ ይደረግ» ይሆንና ጉዳዩ ይዘጋል።

በእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋ ሁለቱ መንገዶች «ክሊን ኢንስታል» እና «ኢን ፕሌስ አፕግሬድ» ይባላሉ። የመጀመሪያው አዲሱን ሥርዓተ ክወና በባዶ ዲስክ ላይ ጭኖ አገልግሎቶቹንና ዳታውን አንድ በአንድ መመለስ ነው። ሁለተኛው ያለው ሥርዓት ሳይነቀል ከአሮጌው እትም ወደ አዲሱ እንዲሻገር ማድረግ ነው። ለመጀመሪያው «አዲስ ተከላ»፣ ለሁለተኛው «የቁም እድሳት» የሚሉትን ስሞች አቀርባለሁ። «ንጹህ ጭነት» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ለምን አልሆነም ቢባል፣ ከሰርቨር ይልቅ ጉምሩክ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ትዝ ያሰኛል። «ማሻሻል» ደግሞ ተይዟል፤ በየወሩ የሚመጣውን ጥቃቅን የደኅንነት መጠገኛም፣ ከአንድ ዋና እትም ወደ ሌላው መዛወሩንም በአንድነት «ማሻሻያ» ስለምንላቸው ልዩነቱ ይጠፋል። «ተከላ» ግን የራሳችን የሥራ ቃል ነው፤ የማሽን ተከላ፣ የምሰሶ ተከላ፣ የችግኝ ተከላ እንላለን። በሦስቱም ውስጥ ቦታ ማዘጋጀት፣ በልክ ማቆምና ከተከሉም በኋላ መከታተል አለ። «የቁም» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከቁም ከብትም ከቁም እስርም እንደምናውቀው አንድ ነገር እንደ ቆመ፣ ባለበት ሁኔታ መያዙን ያሳያል። የእስሩ ትዝታ አብሮ መምጣቱ አይከፋም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የቁም እድሳት በውስጡ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ እድሳቱ በሺህ የሚቆጠሩ ፓኬጆችን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ አሮጌውን ያነሣል፣ አዲሱን ይተካል። ባለቤቱ የለወጠው የኮንፊግ ፋይል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ያንተ ይቆይ ወይስ የአዲሱ ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ ኤንተር የተጫነ እንደ ሆነ የሚቆየው የድሮው ነው። በሬድ ሃት ቤተሰብ ጥያቄው እንኳ ብዙ ጊዜ የለም፤ አዲሱ ፋይል ሌላ ቅጥያ ተሰጥቶት ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል፣ ሰው እስኪያየው ድረስም ይተኛል። ይህ አሠራር የባለቤቱን ሥራ የሚያከብር መልካም ጠባይ ነው። ውጤቱ ግን የዛሬው ፕሮግራም ከአሥር ዓመት በፊት በነበረ አስተሳሰብ እየተመራ መሥራቱ ነው። ዴቢያን 8 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። አፓቼ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ከ2.2 ወደ 2.4 ከፍ አለ፤ አዲሱ ደግሞ የየድረ ገጹን ኮንፊግ የሚያነበው ፋይሉ ስሙ በተወሰነ ቅጥያ የሚያልቅ ከሆነ ብቻ ነበር። ቅጥያ የሌላቸው የድሮ ፋይሎች ሳይሰረዙ፣ ሳይበላሹ እንዲሁ ሳይነበቡ ቀሩ። እድሳቱ «ተሳክቷል» ብሎ ጨረሰ፤ የድርጅቱ ድረ ገጽ ግን በቦታው የለም። የለውጥ ማስታወሻው ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ማስታወሻውን ማን ያነበዋል የሚለው ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ የምከራከርለት አንድ ነጥብ ይህ ነው፦ የአዲስ ተከላ ዋጋ በዲስኩ ንጽሕና ላይ አይደለም። ዋጋው ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ወገን ሰርቨሩ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለማወቁን ማጋለጡ ነው። የቁም እድሳት የማናውቀውን ነገር ይዞልን ይሻገራል፤ አዲስ ተከላ ደግሞ የማናውቀውን ነገር ከወንዙ ማዶ ይተወዋል። ስለዚህ የትኛው መንገድ ይሻላል ከሚለው በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ብንፈልግ እንኳ አዲስ መትከል እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «አንችልም» ከሆነ የቁም እድሳቱ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ከላይ የጠቀስነው የቁም እስር ሆኗል።

ከሬድ ሃት ቤተሰብ የሆነው ነፃ የሊኑክስ ስርጭት የሴንትኦኤስ ታሪክ ይህን በአደባባይ አሳይቷል። ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ለአሥር ዓመት በየአገሩ የድርጅቶችን ሰርቨር ተሸከመ፤ ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2016 ነው። ቀኑ ለዓመታት የታወቀ ነበር። በመካከሉ ወደ ሴንትኦኤስ 8 የተሻገሩት ደግሞ የባሰ ገጠማቸው፤ እስከ 2029 ይደገፋል የተባለው እትም በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም በዲሴምበር 2020 ተነገራቸው። ሬድ ሃት ለራሱ ደንበኞች ሊፕ የተባለ የእድሳት መሣሪያ ነበረው፤ ሴንትኦኤስን ለመተካት የተነሣው አልማሊኑክስ በዚያው ላይ ተመሥርቶ ኤሌቬት የተባለውን አዘጋጀ። መሣሪያው እድሳቱን ከመጀመሩ በፊት ሰርቨሩን መርምሮ መሻገሩን የሚከለክሉ ነገሮችን በሪፖርት ይዘረዝራል። ያ ሪፖርት ለብዙ ሰርቨር ከተተከለ ወዲህ የመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትኛው ሶፍትዌር ከየት እንደመጣ በጽሑፍ የያዙት አዲስ ሰርቨር ተክለው ዳታቸውን አዛወሩ። ያልያዙት ግን ሌላ ሰው በሠራው መሣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ሌላው ማስረጃ ከእድሳት ጋር በቀጥታ የተያያዘ አይደለም፤ ነገር ግን የዕውቀት ጉድለት ምን እንደሚመስል ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ አገልግሎት በሚሰጠው ጊትላብ አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲኬድ ቅጂ የለም። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም 9.2 ነበር፤ ሁለቱ እትሞች ስላልተጣጣሙ ሥራው በየጊዜው ሲከሽፍ ቆይቷል። ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት አጥቶ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ በዝርዝር ማሳተሙ ያስመሰግነዋል። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ የቁም እድሳት መጠባበቂያ ቅጂን «ቢያስፈልግ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ አዲስ ተከላ ግን ቅጂውን ሳይመልስ አይጨርስም። አዲስ የተከለ ሰው ቅጂው እንደሚሠራ አይቶታል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ከዴቢያን ሰዎች የሚመጣው ነው። ዴቢያን ከእትም ወደ እትም በቁም መታደሱን የማንነቱ ክፍል አድርጎታል፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ ብዙ እትሞችን የተሻገረ ማሽን ብርቅ አይደለም። ታዲያ ያልተበላሸውን ለምን እንነቅላለን? እውነት አለው። ነገር ግን ዋስትናው የሚሸፍነው ዴቢያን ራሱ ያዘጋጃቸውን ፓኬጆች ነው፤ መመሪያው እትም ዘሎ መሻገርን አይፈቅድም፣ ከሌላ ምንጭ የመጡ ፓኬጆችንም ከእድሳቱ በፊት ማንሣትን ይመክራል። ችግሩ ደግሞ የሚኖረው ከዚያ ውጭ ባለው ላይ ነው፦ በእጅ ተጠናቅሮ የገባ ሞጁል፣ ከሻጩ የመጣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ሌሊት ሌሊት የሚሮጥ ስክሪፕት። በዴቢያን ፓኬጆች ብቻ በሚኬድበት መንገድ ላይ እንኳ ድንገተኛ ነገር አለ፤ በዴቢያን 9 ማይኤስኪውኤል በማሪያዲቢ ሲተካ እድሳቱ ዳታቤዙንም ይዞ ተሻገረ፣ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረም። ዴቢያንን በቁሙ እያደሰ ለዓመታት የዘለቀ ሰው ሁሉን በማስታወሻ የሚይዝ ሰው ሆኖ ይገኛል። እንደዚያ ያለው ሰው አዲስ ቢተክልም አይቸገርም፤ ምስክርነቱ ለእድሳቱ ብቻ ሳይሆን ለማስታወሻውም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው። ማሽኑ አንድ ነው፣ አገልግሎቱ መቋረጥ የለበትም፣ የት እንተክላለን? ለዚህ ከቤተ ክርስቲያን አሠራር የምንዋሰው ቃል አለ። ሕንጻው ሲፈርስና ሲሠራ ታቦቱ በመቃኞ ይቆያል፤ አገልግሎቱ አይታጎልም፣ አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ ታቦቱ በክብር ይገባል። የሰርቨሩም ዳታ በጊዜያዊ ማሽን ላይ አገልግሎት እየሰጠ መቆየት ይችላል፤ ያን ማሽን «መቃኞ ሰርቨር» ብንለው ማንም ይረዳዋል። ዛሬ አብዛኛው ሰርቨር ቨርቹዋል በመሆኑ መቃኞው ሌላ ዕቃ መግዛትን አይጠይቅም፤ ትንሽ ሜሞሪና የዲስክ ቦታ ይበቃዋል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ለዊንዶውስ ሰርቨር የቁም እድሳት መንገድ አዘጋጅቶ ሳለ፣ የተጠቃሚዎችን መግቢያ ለሚያስተዳድሩት ዶሜን ኮንትሮለሮች ግን አዲስ ሰርቨር ከጎን ተክሎ አሮጌውን ማሰናበትን ነው የሚመክረው። የኡቡንቱ እድሳት መሣሪያ በርቀት ሲሠራ ዋናው የመግቢያ በር ቢዘጋ ተብሎ በ1022 ቁጥር ሁለተኛ በር ይከፍታል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መንገዱን ምን ያህል እንደሚያምኑት ከዚህች ጥንቃቄ መገመት ይቻላል።

«ስናፕሾት (የማሽኑን የቅጽበት ቅጂ) እንወስዳለን፣ ካልሆነ እንመለሳለን» የሚለውም መልስ በከፊል ብቻ ይሠራል። እድሳቱ እሑድ ሌሊት ተጠናቆ ጉዳቱ የታየው ረቡዕ ከሆነ፣ ወደ እሑድ መመለስ ማለት የሦስት ቀን ደረሰኝና ደብዳቤ መጣል ማለት ነው።

እድሳት ጨርሶ የማይደርስባቸው ነገሮችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። የ32 ቢት ዊንዶውስ በቁሙ ወደ 64 ቢት አይለወጥም። የዲስኩ ፋይል ሲስተም እንዳለ ይቀጥላል፤ በድሮ ልክ የተሠሩ፣ ለአንድ ፋይል መረጃ 128 ባይት ብቻ የመደቡ የኤክስት4 ክፍሎች ከጃንዋሪ 2038 በኋላ ያለውን ቀን መያዝ አይችሉም፣ የሥርዓቱ እትም አዲስ መሆኑም አያድናቸውም። ሰርጎ ገብ የገባበትን ሰርቨር በተመለከተ ደግሞ ክርክር የለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ እንዳሳየው ፕሮግራም የሚያጠናቅረው መሣሪያ ራሱ ከተመረዘ ምንጩን በማንበብ ማወቅ አይቻልም። የማይታመን ሥርዓት ራሱን አድሶ የሚታመን አይሆንም።

የቀረው ተቃውሞ ከባዱ ነው። አሮጌው ሰርቨር ውስጥ ጽሑፍ ላይ የሌለ ዕውቀት አለ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው አንድ ሌሊት ያስገባው መስመር ዛሬም አንድ ነገር ደግፎ ይዟል። አዲስ ሲተከል ያ ይጠፋል፣ የሚታወቀውም ሲወድቅ ነው። እስማማለሁ፤ ይጠፋል። የሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ያለውን ማሽን መሰል የሌለው የበረዶ ቅንጣት ብሎታል፤ የበረዶ ቅንጣት ብዙም የማናውቀው እኛ «ማን እንደቋጠረው የማይታወቅ ቋጠሮ» ብንለው ይቀርበናል። ነገር ግን እድሳቱ ቋጠሮውን አይፈታውም፣ ለቀጣዩ ሰው ያስተላልፈዋል እንጂ፤ በየዙሩም የሚያውቀው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። መድኃኒቱ አሮጌውን ማሽን አጥፍቶ አለመጣል ነው፤ ከኔትወርክ ተነጥሎ ለጥቂት ወራት ይቀመጥ፣ አዲሱ ላይ አንድ ነገር ሲጎድል ተከፍቶ ይታይ፣ የተገኘውም ይጻፍ። የቁም እድሳትን የምመርጥበት ጊዜም አለ። ሰርቨሩ መጀመሪያውኑ እንደ አንሲብል ባለ መሣሪያ ከተጻፈ መመሪያ የተተከለ ከሆነ፣ ወይም ከስርጭቱ ፓኬጆች ውጭ ምንም ያልገባበት ከሆነ፣ በቁሙ ይታደስ፤ ቢበላሽ በዚያው ቀን ይተከላል።

ስሙ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። «ፎርማት» ሲባል ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ «ባክአፕ አለ?» የሚል ነው፤ «አለ» ከተባለ ንግግሩ ያበቃል። «አዲስ ተከላ» ሲባል ግን «ምን ምን ነበር የተተከለው?» የሚለው ይቀድማል፣ መልሱም ወረቀት ይፈልጋል። ቃሉ ሌሎችንም ይወልዳል፦ ያን ወረቀት «የተከላ ሰነድ»፣ ሥራውን የፈጸመውንም «ተካይ» ማለት ይቻላል። በሰነዱ ላይ የሥርዓተ ክወናው እትም፣ ከስርጭቱ ውጭ የገባው ሶፍትዌር ከነምንጩ፣ የተለወጠው ኮንፊግ ከነምክንያቱ፣ በየሰዓቱ የሚሮጡት ሥራዎች፣ ቅጂው የት እንዳለና መጨረሻ የተመለሰበት ቀን ይሰፍራሉ። ሰነዱ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ አይቀመጥም።